እናቴን ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ለማገናኘት ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ከቢቸና ወጣ ብላ ገጠር ነው ያለችው። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ወንድማችን ደግሞ አሜሪካ ነው። ለእናቴ ተች ስልክ ገዛንላት። አንዱ ዋትስአፕ ዱባይ አይሠራም ይለናል፣ ሌላው ኢሞ አውርዱ ይለናል፣ ጎረቤት ደግሞ በኢንተርኔት መደወል ክልክል ነው ይላል። ቪዲዮ ስንሞክር ምስሉ ይቆማል። ካርዱም አይበረክትም። ከየት ነው የሚጀመረው?»

ምላሽ፦ ጎረቤትዎ ያሉትን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልሂድ። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761፣ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ይከለክላል። ያኔ «ስካይፕ ታገደ» ተብሎ በውጭ አገር ሳይቀር ተወርቶ ነበር። መንግሥት ግን ዒላማው ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ በጓሮ እያስገቡ የሚነግዱት እንጂ ከዘመዱ ጋር በግሉ የሚያወራው ሰው እንዳልሆነ ገልጿል። እናትዎ ልጃቸውን በስልካቸው ቢያናግሩ የሚጠይቃቸው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ብዙ ሰው «የትኛው አፕ ይሻላል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ አፑን ሦስተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ እናትዎ ቤት ያለው ኔትወርክ ይታይ። ቀጥሎ በድምፅ ብቻ ይሞከር። ድምፅ ሳይቆራረጥ ሃያ ደቂቃ ከሄደ፣ ያን ጊዜ ስለ ቪዲዮ እናወራለን። ድምፅ ካልሄደ ግን አፕ ቢቀያይሩ ቪዲዮ አይሄድም። በቪዲዮ የሚጀምር ቤተሰብ ሁለት ሦስቴ ይቋረጥበትና «እኛ አገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ስልኩም መዝሙር ማጫወቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቢቸና ሲሄዱ ስልኩን የሚሞክሩት ከተማ ውስጥ ካፌ ተቀምጠው ሳይሆን እናትዎ ግቢ ውስጥ ይሁን። ከስልኩ አናት ላይ ከኔትወርክ ዘንጎቹ አጠገብ ያለችውን ፊደል ይመልከቱ። የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ከሆነች ያለዎት የድሮው 2ጂ ነው። በሱ የጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይላካል፤ ለቀጥታ ጥሪ ግን አይታመንም። «ኤች» ወይም 3ጂ ካለ ድምፅ በደንብ ይሄዳል፣ ቪዲዮም እንደ ቀኑ ነው። 4ጂ ካለ ብዙም አይጨነቁ። ዘንጎቹ ሞልተው መታየታቸው ግን አያታልልዎት። ዘንጉ የሚናገረው ማማው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። «ኢ» ላይ አራት ዘንግ ሞልቶ ቪዲዮ የማይሄድበት ቦታ ሞልቷል።

አካባቢው 4ጂ አለው እየተባለ ስልኩ አላሳይ ካለ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ሴቲንግ ነው፤ ስልኩ 3ጂ ወይም 2ጂ ብቻ እንዲጠቀም ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሲሙ ነው። እናትዎ ድሮ በትንሿ ባለ ባትሪ ስልክ ሲጠቀሙበት የኖሩትን ሲም አውጥታችሁ ከከተታችሁት፣ የቆየ ሲም 4ጂ ላያነሣ ይችላል። ቁጥራቸው ሳይቀየር ሲሙ በአዲስ ይተካላቸዋል። ሲሙ የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነ ግን ቀድመው ያጣሩ። በሞተ አጎት ወይም በጎረቤት ልጅ ስም የወጣ ሲም በየገጠሩ አለ፤ ለመተካት ሲኬድ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ቤቱስ ቆርቆሮ ነው? ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ጭቃ ግድግዳ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ግን ኔትወርኩን ያንቀዋል። ከውስጥ «ኢ» ያለ ስልክ በረንዳ ላይ ሲወጡ 3ጂ ሲል ያዩታል። ስለዚህ ግቢውን በእግርዎ ይዙሩት። በረንዳው፣ ከጓሮ ያለው ዛፍ ሥር፣ ከፍ ያለው አጥር ጥግ። በየቦታው ጥቂት እየቆሙ ፊደሏን ይዩ። ጥሩው ቦታ ከተገኘ እዚያ ዱካ ወይም መደብ ይዘጋጅ። ለእናትዎም «ሃና ስትደውል እዚህ ነው የምትቀመጪው» ይበሏቸው (ሃና ያልኳት እህትዎን ነው፤ ስሟን ስላልጻፉልኝ)። ቤተሰቡ ከአፕ መረጣው ይልቅ ለዚች መቀመጫ ቢጨነቅ ይጠቀማል።

አሁን ሰው ብዙም የማያውቀውን ልንገርዎ። «እማዬ እኔን ጥርት አድርጋ ታየኛለች፣ እኔ ግን እሷን አላያትም» የሚል ቅሬታ ከውጭ አገር ልጆች ሁልጊዜ ይመጣል። ልጅቷ ጥፋቱን ስልኩ ላይ ትጥላለች፤ «ርካሽ ስልክ ገዝታችሁላት ነው» ትላለች። አይደለም። ከማማው ወደ ስልክ የሚመጣውና ከስልክ ወደ ማማው የሚሄደው መንገድ የተለያየ ነው። ማማው በአሥር በሚቆጠር ዋት ያስተላልፋል። ስልክ ግን በ3ጂና በ4ጂ ቢበዛ ሲጮህ 0.2 ዋት ገደማ ነው። ማማው በድምፅ ማጉያ ሲናገር ስልኩ በሹክሹክታ ይመልሳል እንደማለት ነው። ከማማው ሲርቁ ቀድሞ የሚደክመው ይህ ወደ ላይ የሚሄደው ነው። የእናትዎ ምስልና ድምፅ ደግሞ የሚሄደው በሱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መላ ቀላል ነው። ጥሪው መቆራረጥ ሲጀምር መዘጋት ያለበት የእናትዎ ካሜራ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርጋል። ዱባይ ያለችው «ቆይ የኔን ልዝጋው» ትላለች፤ የሷ መዘጋት ግን ከገጠር ለሚወጣው ድምፅ እምብዛም አይጠቅመውም። የእናትዎ ካሜራ ሲዘጋ ያቺ ጠባብ መንገድ ለድምፃቸው ትለቀቃለች። እሳቸውም የልጃቸውን ፊት እያዩ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፊት ማየት የጓጓችው ብዙ ጊዜ እናት ናት። ልጅቷ እናቷን ማየት ስትፈልግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ካሜራው ይከፈት፣ ትጥገብ፣ ከዚያ ይዘጋ።

ድምፁ ለምን እንደሚቆራረጥም በአጭሩ ላስረዳ፤ መፍትሔው ከሱ ነው የሚመጣውና። በኢንተርኔት ጥሪ ንግግርዎ እየተቆራረሰ ነው የሚላከው። እያንዳንዱ ቁራሽ ብዙውን ጊዜ የ20 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ ይይዛል፤ በሰከንድ 50 ቁራሽ ማለት ነው። ፎቶ ወይም መዝሙር ሲወርድ የዘገየ ቁራሽ ይጠበቃል፣ የጠፋው እንደገና ይላካል። ጥሪ ላይ ግን መጠበቅ የለም። ቁራሹ ከዘገየ ይጣላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። «ሄ..ሎ... ት..ማ..ኛለሽ» የሚለው የተጣሉት ቁራሾች ክፍተት ነው። ስለዚህ ለጥሪ የሚያስፈልገው የኔትወርኩ እርጋታ እንጂ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ዩቲዩብ ያለችግር የሚያሳይ ስልክ ጥሪ ላይ ሲንተባተብ የሚገርመን ለዚህ ነው። ዩቲዩብ አስቀድሞ ያከማቻል፤ ጥሪ የሚያከማችበት ጊዜ የለውም።

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ከገጠር ወደ ውጭ ስንደውል ይህን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ምልክቱ ሁለታችሁም እኩል ጀምራችሁ እኩል ዝም ማለታችሁ ነው። መላው አንዱ ጨርሶ ትንሽ ቆይቶ ሌላው መቀጠል ነው። እናትዎ «እሽ» ብለው ሲጨርሱ ልጅቷ ትናገር። የጎጃም ሰላምታ ረጅም ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። «እንደምን ከረማችሁ» ሳያልቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይገባበታል። ይለመዳል።

ሌላው ማሚቶ ነው። የራስዎን ድምፅ መልሰው ከሰሙ ጥፋቱ ከርስዎ ስልክ አይደለም፤ ከወዲያኛው ነው። የዚያኛው ስልክ ላውድ ላይ ሆኖ የርስዎን ድምፅ በስፒከሩ ያወጣል፣ ማይኩ መልሶ ይለቅመዋል። ዱባይ ያለችው «ድምፄ ይመለስብኛል» ካለች፣ የእናትዎን ስልክ ድምፅ ቀነስ ያድርጉ ወይም ኢርፎን ይሰኩ። ገመድ ያለው ተራ ኢርፎን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ግን ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ አክስቱ ሁሉ ዙሪያውን ከቦ መስማት ስለሚፈልግ ኢርፎን እንደማያዋጣ አውቃለሁ። እንግዲያው ላውዱ ይሁን፤ ድምፁ ብቻ ጣሪያ አይንካ።

ስለ ካርዱ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ነገር አለ። በመደበኛው ስልክ አገራችን ውስጥ የሚከፍለው ደዋዩ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ጥሪ ግን ተቀባዩም ዳታውን ያቃጥላል። «እሷ ናት የደወለችው» ብሎ ነገር የለም። ዱባይ ያለችው ዋይፋይ ላይ ስለሆነች አይታወቃትም፣ ሁለት ሰዓት ታወራለች፤ ቢቸና ያለው ጥቅል ያልቃል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ደግሞ ከዋናው ሂሳብ ላይ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል። ካርዱ አልበረክት ያለው አንዱ በዚህ ነው።

መጠኑ እንደ አፑና እንደ ኔትወርኩ ይለያያል። በግምት ግን የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት ብታወሩ 15 ሜጋባይት ነው። ቪዲዮ ደግሞ በደቂቃ 5 ሜጋባይት፣ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆንም ከዚያ በላይ ይበላል። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ 150 ሜጋባይት አለፈ ማለት ነው። በ1 ጊጋባይት ድምፅ ብቻ ከሆነ ከ30 ሰዓት በላይ ይወራል። በቪዲዮ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ግን ጥቅሉን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ጥሪው እንኳ አይደለም። ቴሌግራም የመጣውን ቪዲዮና ፎቶ በራሱ ያወርዳል። የስልኩ አፖች በየጊዜው ራሳቸውን ያድሳሉ። እናትዎ ስልኩን ሳይነኩት ጥቅሉ እያለቀ «ሌባ ነው» የሚባለው ቴሌው ነው። ስለዚህ በቴሌግራምም በዋትስአፕም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረድን ያጥፉ። አፕ ማደስን በዋይፋይ ብቻ ያድርጉት። በሁለቱም አፖች ውስጥ ለጥሪ ትንሽ ዳታ ተጠቀም የምትል ምርጫ አለች፤ እሷን ያብሩ። ከጥሪ በኋላ ደግሞ እናትዎ ዳታውን መዝጋት ይልመዱ። ጥቅል ለመግዛት በኢትዮ ቴሌኮም *999# አለ፤ ቀሪ ሂሳብ *804# ያሳያል። እርስዎ ደብረ ማርቆስ ሆነው በቴሌብር ጥቅል ሊገዙላቸውም ይችላሉ። ገጠር ድረስ የካርድ ቁጥር በስልክ ማንበብ ቀርቷል።

አሁን ወደ አፑ። ዋትስአፕ ዱባይ አይሠራም ያለዎት ሰው ግማሹን ልክ ነው። መልእክቱ፣ ፎቶው፣ የድምፅ መልእክቱ ይሠራል፤ የተዘጋው ጥሪው ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የኢንተርኔት ጥሪ የምትፈቅደው ፈቃድ ላገኙ አፖች ብቻ ነው። እዚያ ላሉ ወገኖቻችን በጣም የተለመደው ቦቲም ነው። ዙምም ከተፈቀዱት ውስጥ ነው። ቦቲም ከአፕ ወደ አፕ ስለሆነ እናትዎ ስልክ ላይም መጫን አለበት፤ እሷ ብቻ ብትጭነው ዋጋ የለውም። በሷ በኩል እንደ መስመሯ የጥሪ ጥቅል መግዛት ሊያስፈልጋት ስለሚችል ከአገሩ የስልክ ኩባንያዎች፣ ከኢቲሳላት ወይም ከዱ፣ ትጠይቅ። ኢሞ ላይ አትመኩ፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚሸሽግ አፕ ነው) ጫኚና በዋትስአፕ ደውዪ» የሚል ምክር ይመጣል፤ ከዘመድም ከአሠሪ ልጅም። አይሞከር። በዚያ አገር ሕግ በቪፒኤን ተሸፍኖ የተከለከለ ነገር ማድረግ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከ500 ሺህ ዲርሃም ነው የሚጀምረው። በሰው ቤት ሠርታ ለምታድር ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ሳዑዲ ብትሆን ነገሩ ይለይ ነበር፤ ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን እ.ኤ.አ. በ2017 አንስታለች። ስለዚህ ጂዳ ያለች ጓደኛዋ «እኔስ ይሠራልኛል» ብትላት አትከራከር፤ አገሩ ሌላ ነው።

ለአሜሪካው ወንድምዎ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ይሆናል። እናትዎ ግን ሦስት አፕ እንዲለምዱ አያስገድዷቸው። አንዱን፣ ቦቲምን፣ ይልመዱ፤ ወንድምዎም እሱኑ ይጫን። አሜሪካ የኢንተርኔት ጥሪ አልተዘጋም፤ ለመቀየር የሚቀለው ለሱ ነው። ለበዓል ሁላችሁም በአንድ ላይ መግባት ከፈለጋችሁ ዙምም አለ። በነፃ ሲሆን በ40 ደቂቃ ይቆርጣል፤ ከዚያ እንደገና መግባት ነው። የቡድን ጥሪ ግን ከገጠር ኔትወርክ ጋር አይስማማም። በዓል ላይ ከሆነ እናትዎን ደብረ ማርቆስ እርስዎ ዘንድ አምጥታችሁ ከዋይፋይ አድርጉት።

አካውንት ሲከፍቱ አፑ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ከፊት ያለችውን ዜሮ ትተው በ251 ይጀምሩ። ከዚያ በአጭር መልእክት ኮድ ይመጣል። ይህን ኮድ እናትዎ ለማንም መናገር የለባቸውም፤ ለወንድምዎም ቢሆን። ዛሬ በየቴሌግራሙ የሚዘረፈው አካውንት አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። በሚያውቁት ሰው ስም መልእክት ይመጣል፤ «ስቼ ያንቺ ስልክ ላይ ኮድ ልኬ ነው፣ እባክሽ መልሺልኝ» ይላል። ወይም «ለልጄ ድምፅ ስጡ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ኮዱ ከተሰጠ አካውንቱ ሄደ። ከዚያ ሌባው በእናትዎ ስም «ታምሜአለሁ፣ ብር ላኪልኝ» ብሎ ለእህትዎ ይጽፋል። እህትዎ አትጠራጠርም። ስለዚህ ሁለተኛ የይለፍ ቃል የሚያስገባውን ምርጫ እርስዎ ያብሩላቸው፤ ቃሉንም ወረቀት ላይ ጽፈው እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡት። ከማያውቁት ሰው የሚመጣ ጥሪንም ከሴቲንግ ማገድ ይቻላል። ማታ ማታ የማያውቁት ፊት በቪዲዮ እየመጣ የደነገጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያው ጥሪ ከዱባይ አይሁን። እርስዎ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ስልክ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ጓሮ ሆነው ከእናትዎ ጋር ይለማመዱ። የሚያስቸግረው አፑ አይደለም፤ አያያዙ ነው። ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚደረግ ነው ብለው የኖሩ ሰው ቪዲዮው ሲመጣም ጆሯቸው ላይ ነው የሚያደርጉት። ልጅቷ የምታየው የነጠላ ጥለትና ጨለማ ነው። «ከፊትሽ አርገሽ ያዥው፣ እንደ መስታወት» ከማለት ይልቅ ስልኩን የሚያስደግፉበት ነገር ይስጧቸው። ጀበናው የሚቀመጥበት ረከቦት ላይ ስኒዎቹን ገፋ አድርጎ ማስደገፍ ብቻ ይበቃል። እጃቸው ነፃ ሲሆን ጨዋታውም ይመጣል። በእጅ ከያዙት ደግሞ ጣታቸው ታች ያለችውን ቀዳዳ እንዳይሸፍናት፤ ማይኩ እሷ ናት። «አይሰማም! አይሰማም!» የሚባለው ብዙ ጊዜ አውራ ጣት ነው።

ብርሃኑም አለ። በር ጀርባቸው ላይ ሆኖ ከተቀመጡ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። ፊታቸውን ወደ በሩ ያዙሩ፤ ሌላ መብራት አያስፈልግም። ምስሉ ጭጋግ ከለበሰ ኔትወርኩን ከመርገም በፊት የፊት ካሜራዋን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጓት። ቅቤ የነካ ጣት አልፎባታል።

መልስ መስጫውን አንዴ ብቻ አያሳይዋቸው። አረንጓዴው ማንሻ በአንዳንድ ስልክ ይነካል፣ በአንዳንዱ ወደ ላይ ይጎተታል። እናትዎ ነክተው ሲያጡት «ተበላሸ» ይላሉ። እየደወሉ እየዘጉ እስኪለምዱት ድረስ ያስደጋግሟቸው። የእህትዎንና የወንድምዎን ስም ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ፎቷቸውን ስማቸው ላይ ያድርጉላቸው። አጠገባቸው ያለ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ግን ሥራው ሁሉ ለሱ ነው፤ እናውቃለን።

ሰዓት ላይ ተስማሙ። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ ይለያል። እናትዎ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የእህትዎ ስልክ 9 ይላል። «ማታ በሦስት እደውላለሁ» ካለች በማን አቆጣጠር እንደሆነ ትናገር። ለወንድምዎ ደግሞ ያው የእኛ ምሽት 2 ሰዓት በዋሽንግተን በኩል እኩለ ቀን ነው፤ በበጋቸው ወራት አንድ ሰዓት ይጨምራል። ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት አገሩ ሁሉ ዳታ ላይ ስለሚሆን ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ጠዋት በ12 ሰዓት ከሞከሩ ያው ቦታ ሌላ ነው የሚመስለው። እሑድ ከቅዳሴ መልስም ጥሩ ነው፤ እህትዎ ያን ቀን ፈቃድ ካላት። ስልኩም ቻርጅ ሊኖረው ይገባል። ቪዲዮ ባትሪ ይጨርሳል፤ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ደግሞ ስልኩ ለመጮህ ብዙ ኃይል ስለሚያወጣ ይብሳል። በሶላር ለሚሞላ ቤት ጠዋቱን ሙሉ ዩቲዩብ አይቶ ማታ ጥሪ መጠበቅ አይሆንም።

ፊደሏ «ኢ» ብቻ ሆና ከቀረችስ? የድምፅ መልእክት። ይህን ሰው ይንቀዋል። እናትዎ ማይኳን ይዘው የሁለት ደቂቃ ወሬ ይናገራሉ፣ ይለቃሉ። ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ቁራሽ ቢዘገይም አይጣልም፤ ይጠበቃል። ዱባይም በዋትስአፕ ይደርሳል። ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ፣ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ደጋግማ ትሰማዋለች። እኔ እንደማየው በሰው ቤት ለሚሠሩት ከቀጥታ ጥሪ የሚመቸው ይሄ ነው፤ የማንንም ሰዓት አይጠብቅም።

ሌላው መንገድ ከውጭ ያለው ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የእናትዎን መደበኛ ቁጥር መደወሉ ነው። እናትዎ ዳታ አያስፈልጋቸውም፤ ትንሿም ስልክ ትበቃለች። የሚከፍለው ደዋዩ ነው። ድሮ በስካይፕ ነበር፤ ስካይፕ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተዘግቷል። አሁን ቫይበር አውትና መሰሎቹ አሉ። ለአሜሪካው ወንድምዎ ይሆነዋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት የቆየውን እርስዎም አይረሱትም። በስልካቸው ብቻ የሚገናኙ ቤተሰቦች ድንገት ነው የተቆረጡት። ስለዚህ ከወዲሁ ከእህትዎ ጋር ተነጋገሩ። አፑ ዝም ካለ በየትኛው መደበኛ ቁጥር እንደምትደውል፣ የምትደውለው እናትዎ ዘንድ ሳይሆን እርስዎ ዘንድ ከሆነም በስንት ሰዓት እንደሆነ ወስኑ፤ ቁጥሮቹንም ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ጠፍቶ፣ ተሰብሮ፣ አካውንት ተዘግቶ የልጁን ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እናትዎ የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ቢያስቀምጡት አይጠፋም።

ለመጀመር እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቦቲምን በሁለቱም ስልክ ይጫኑ፣ በራሱ የሚያወርደውን ይዝጉ፣ ግቢውን ይዙሩ። ከዚያ ጠዋት በ12 ሰዓት በድምፅ ብቻ ይሞክሩት። ከተቆራረጠ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ አድርገው አንዴ ይመልሱትና እንደገና ይደውሉ። ያም ካልሆነ የስልኩን ዓይነት፣ የምታዩትን ፊደልና ቤቱ ከየት በኩል እንደሆነ ጻፉልኝ።